በበረሳ ዳር የሰጠሁት ቃል

ባለፈው ሳምንት ለዘመድ ለቅሶ ወደ ደብረ ብርሃን ስሄድ፣ ሚኒባሱ የበረሳ ወንዝ ድልድይ ላይ እንደ ደረሰ አጠገቤ የተቀመጠች ተማሪ በመስኮቱ እያየች፣ «ይሄ ሕንፃ ሲያምር!» አለች። እኔ ፊቴን ወደ ሌላ በኩል አዞርኩ። ያን ሕንፃ በወጣትነታችን ከነደፍነው ሁለት ሰዎች አንዱ ነኝ።

ሁለተኛው ዳዊት ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ሳለን ከአንድ ሳህን የበላን፣ በኋላም ትንሽ የንድፍ ቢሮ በጋራ የከፈትን ጓደኛዬ። አንድ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤቱን በበረሳ ዳር ሊሠራ ሲነሣ ሥራው ለእኛ ደረሰን። እኔ የዚያው አገር ልጅ ነኝ። የሰፈሩ ሴቶች ባና ለሚባለው የሱፍ ልብስና ለብርድ ልብስ የሚሆነውን የበግ ፀጉር የሚያጥቡት እዚያ ወንዝ ላይ ነው። ጥቅምት ላይ ውርጩ ሲቀልጥ፣ ሣሩ ላይ የተሰጣው ፀጉር ከሩቅ ሲያዩት የተኛ በግ ይመስላል። ስለዚህ ሕንፃውን ፈቀቅ አድርገን የወንዙን ዳር ለሁሉ ክፍት መናፈሻ አደረግነው፤ ጥላ ያለው መንገድ፣ ወደ ውሃው የሚያወርድ ሰፊ የድንጋይ ደረጃ። ደረጃውን የሳለው ዳዊት ነው። እጁ ያምር ነበር።

ነዋሪው ግን ሰጋ። ከፋሲካ በኋላ ስብሰባ ሲጠራ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፀጉር ያጠቡት የእናቴ ጎረቤት እትዬ አስካለ ተነሡ።

«ልጄ፣ ወንዙን ልታጥሩብን ነው ይባላል። እውነት ነው?»

«አይታጠርም፣ እትዬ። ደረጃው የሚሠራው ለእናንተ ነው። ቃሌ ነው።»

ዳዊት አጠገቤ ቆሞ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። «እሱ ካለ ይበቃናል» አሉ እትዬ፤ ሰዉም መሬቱ እንዲሰጥ ተስማማ። ያን ቀን ቤታቸው ወስደው፣ ቅቤው ገና የሚሸት ጭኮ አበሉን። ዳዊት አስጨምሮ በላ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የመጨረሻው ንድፍ ለኃላፊዎቹ ቀረበ። ዳዊት ስክሪኑ ላይ ሲከፍተው ደረጃው የለም። በቦታው ረጅም የግንብ አጥር ቆሟል፤ መናፈሻው ከአጥሩ ውስጥ ቀርቷል። ወደ ኮሪደሩ ይዤው ወጣሁ።

«ደረጃው የት ገባ?»

«አልፈለጉትም። ለጥበቃ አይመችም አሉ። ቤቴ ሆኜ ቀየርኩት።»

«መቼ ነው የነገሩህ?»

መሬት መሬት አየ። «ከፋሲካ በፊት።»

«እያወቅህ ነው ቃል ያስገባኸኝ?»

«አንተን ያምኑሃላ! እኔ ብናገር ማን ይሰማኝ ነበር? ሥራው ሊያመልጠን ነበር እኮ።»

ወደ አዳራሹ ተመልሼ፣ «ይህ የእኔ ንድፍ አይደለም፤ ለሰፈሩ ያልኩትም ይህን አይደለም» አልኩ። አመስግነው አሰናበቱኝ። ወደ ቢሯችንም አልተመለስኩም።

በማግስቱ እያካፋ እትዬ አስካለን ወንዝ ዳር አገኘኋቸው። እጃቸውን ከውሃው ሳያወጡ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«እሱ አንተን አታለለ» አሉ። «እኛን ያታለልከን ግን አንተ ነህ። እሱንማ መች አወቅነው?»

ማዘጋጃ ቤት ሄጄ አቤት አልኩ፤ መሬቱ አንዴ ተሰጥቷል ተባልኩ። አጥሩ ተገነባ። ሴቶቹ ከድልድዩ በታች ርቀው እየወረዱ፣ እርጥብ ፀጉር ተሸክመው ዳገቱን ይወጡት ጀመር።

ዳዊትን አንዳንዴ ሠርግ ላይ አገኘዋለሁ። ይስመኛል፣ እስመዋለሁ። ጓደኛ አጥቼ አልቀረሁም፤ ሌሎች አፍርቻለሁ። የወሰደብኝ ሌላ ነገር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ለሰው ቃል መግባት አቃተኝ። ልጄ ሕፃን ሳለች «አባዬ፣ ነገ ትወስደኛለህ?» ስትለኝ፣ ልወስዳት ቆርጬም እንኳ ከአፌ የሚወጣው «እናያለን» ነበር። አሁን አድጋ አዲስ አበባ ትሠራለች። ደውዬ መቼ እንደምትመጣ ስጠይቃት፣ «እናያለን፣ አባዬ» ትለኛለች።