ልጁ የተወችው ብስክሌት

ብስክሌት ጠጋኙን ሰፈሩ ጋሽ ፍሬን ይለዋል። ወሬ ጀምሮ መሀል ላይ ቀጥ ስለሚል ነው ስሙ የወጣለት። እጁ ግን አይቆምም። ከወዳደቀ ብረት ለልጁ ብስክሌት ሠርቶላት ነበር፤ ሰማያዊ ቀለሙን የመረጠችው እሷ ናት። አምና ውረጂ ቢሏት አትወርድም ነበር። ዘንድሮ፣ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት፣ አንድ ጠዋት ግድግዳ አስደግፋው በእግሯ ትምህርት ቤት ሄደች። በማግስቱም እንደዚያው።

ኮርቻው ቆርቁሯት ይሆናል ብሎ ቀየረው። አልነካችውም። ካቴናው ልብሷን አቆሽሾባት ይሆናል ብሎ ቆርቆሮ ቆርጦ መሸፈኛ ገጠመለት። አሁንም ወይ ፍንክች። ብስክሌቱን ዘቅዝቆ ጎማውን እያሽከረከረ ጆሮውን ደቀነ። ጤነኛ ነው። ሚስቱ በር ላይ ቆማ ስታየው ቆየችና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ምን በደለህ እሱ?» አለችው። ሊመልስላት ጀመረና ቆመ።

የፈራውን ነገር ለማንም አልተነፈሰም። ልጅቷ በእሱ ሥራ አፍራ እንደሆነስ? የጠጋኝ ልጅ እያሉ ስቀውባት እንደሆነስ? ይህ ሐሳብ ከገባበት ወዲህ ሥራው ይምታታበት ጀመር። የደንበኛ የፊት ጎማ ተንፍሶ ሳለ የኋላውን ፈትቶ ቁጭ። ደንበኛው በሳቅ ሞተ፤ እሱ ግን አልሳቀም።

አንድ ጠዋት ጫማዋን ስታስር እንደምንም ደፈረ።

«እናቴ፣ ብስክሌቱ... ማለት እኔን...»

ፍሬን መያዙን ታውቃለችና ሌላውን ጫማዋን እያሰረች ጠበቀችው።

«የምታፍሪብኝ ከሆነ ንገሪኝ።»

«ምን ነካህ አባዬ?»

ለካ አብራት ትምህርት ቤት የምትሄደው ጓደኛዋ ብስክሌት የላትም። አንዷ እየነዳች አንዷ በእግሯ ወሬ አይሆንም፤ አንዷ ትቀድማለች፣ ሌላዋ ታለከልካለች። ለእሷም ልሥራላት ወይ ብሎ ጠየቀ። መንገዱ ጎን ለጎን አያስነዳም አለችው። ጋሽ ፍሬን ጭራሽ ዞረበት። ያን ሁሉ ዳገት ለወሬ ብሎ በእግሩ የሚወጣ ሰው አለ? እሱ ዳቦ ቤት እንኳ በብስክሌት ነው የሚሄደው።

«ዛሬ አሟት ቀርታለች» አለች ልጁ። «ያንተንም ብስክሌት ተወውና እስከ ሱቅህ አብረን እንሂድ።»

ወጡ። ስለ ሒሳብ አስተማሪዋ ስታወራ አነጠሳት፣ ሳል ያዛት፣ ሳቀች፣ እንደገና ስለ ጓደኛዋ ወንድም ጀመረች። እሱም በልጅነቱ ስለወደቀበት ጉድጓድ አነሳና፣ ምን ቸግሮት እንደሆነ እንጃ፣ እስከ መጨረሻው ተረከው። ቀና ሲል የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሟል። ሱቁን አልፈውት መጥተዋል፤ ቁልፉ እጁ ላይ ነው።

በሩ ላይ የቆሙት ልጆች እያዩ፣ ግሪስ የጠጣውን እጁን ያዝ አድርጋ፣ «ከሰዓትም ና፣ አብረን እንመለሳለን» አለችው።

ዳገቱን ብቻውን ቁልቁል ሲመለስ እግሩን እያየ ነበር። ቅድም መቼ ወጣው? አላፈረችበትም፤ ይህ ገብቶታል። የቀረው አልገባውም።

ሱቁ ጋ ሲደርስ የሚጠብቀው ደንበኛ፣ ብስክሌትህ ተሰረቀ እንዴ ብሎ ጠየቀው።

«አይ፣ ዛሬ እኔና ልጄ...» አለና ቆመ።