ቡራዩ ላይ ሞተር ስመርጥ

ታላቅ ወንድሜ የተቀበረው ይሠራበት በነበረው በነቀምቴ ነው። ለሙት ዓመቱ በሞተር ለመሄድ ወሰንኩ፤ ያንን መንገድ አንድ ቀን አብረን እንሄደዋለን እንባባል ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲነዱት የማያደክም ሞተር ፍለጋ ሰበታንና ሱሉልታን ዞሬ፣ በመጨረሻ ቡራዩ አንድ ጋራዥ ገባሁ።

ሁለት ያገለገሉ ሞተሮች ቆመዋል። የአንዱ መቀመጫ እንደ ሶፋ ይሰምጣል፣ የሌላው ደረቅ ነው። መካኒኩ «ይቺን ጎማ ጠግኜ እስክጨርስ አንዱን መርጠህ ተቀመጥበት፤ እንዳትነሳ» አለኝ። ለስላሳው ላይ ወጣሁ። ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ።

«ጀለስ፣ ከኋላ ተቀምጠህ ማን ሊነዳልህ ነው?»

እውነትም ከኋላ ነበር የተቀመጥኩት። በሐሳባችን ሁሌም የሚነዳው ወንድሜ ነበር። ወደ ፊት ተጠጋሁ።

ጎማው ተጠግኖ ሳያልቅ ወገቤን አመመኝ። ገረመኝ። ደረቁን ስሞክር ጀርባዬ ቀጥ አለ፣ እጄም ሳልንጠራራ መሪው ላይ ደረሰ።

«ለስላሳው ለምን አደከመኝ?»

«ስለሚሰምጥ ትጎብጣለህ። ለሩቅ መንገድ ደግፎ የሚይዝህ ይሻላል።»

ደረቁን መረጥኩ። ከዚያ ስለ ጉልበት አቀማመጥ፣ ስለ ንፋስ፣ በየስንት ሰዓቱ እንደሚታረፍ ጠየቅኩት። ከፊት የሚቀመጥ ሰው የሚያውቀውን ምንም አላውቅም ነበር።