ይታይሽ በከል ያየችው ሲኒማ

ይታይሽ ከወገዳ ተድራ ንፋስ መውጫ ስትመጣ የገባችው ከእኛ አጥር ጎን ነው። ሳቅ ታበዛ ነበር። በተዳረች ዓመት የጤና ሰዎች ሲኒማ በመኪና ይዘው መጡና በነጋዴው በጁሃር ሱቅ ግድግዳ ላይ ነጭ አቡጀዲ ወጠሩ። ስለ እጅ መታጠብ ካሳዩ በኋላ ሕዝቡ እንዳይሰለች ብለው አንድ ወፍራም ሰውዬ አሳዩን፤ መሰላል ላይ ወጥቶ ግድግዳ ኖራ ሲቀባ የሚወድቅ። ይታይሽ መሬት ላይ ተንከባለለች። ባሏ ወርቁ ነጠላዋን እየሰበሰበላት «ኧረ ሰው ያየናል» ይላል፤ እሱም እንባው ይፈሳል። ከዚያ ወዲህ ሳቋን ገበያውም ወንዙም ያውቀው ጀመር።

ወርቁ የሞተው ዓመታት አልፈው፣ ቆላ ወርዶ በያዘው ንዳድ ነው። ይታይሽ ከዚያ በፊት ሁለት ሕፃን ቀብራ ነበር፤ ሦስተኛዋ ዓለምጸሐይ ገና ትድሃለች። የወርቁ ታናሽ ወንድም ካሳ፣ ያቺ ሳቂታ ሐዘን አታውቅም፣ ወደ አገሯ ትሂድ፣ ልጅቱ ከእኛ ትቅር አለ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ዳኙ። እስከ ሙት ዓመቱ ከሏን ለብሳ በወጉ ካዘነች ከነልጇ በባሏ ቤት ትኑር፤ በሰው ፊት ስቃ ሐዘኑን ካፈረሰች ግን ልጅቱን ትታ ትሂድ አሉ።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ መኪናው ተመልሶ መጣ። የፈንጣጣ ክትባት ሊያስተምሩ ነው፤ ከየቤቱ ማንም እንዳይቀር ትእዛዝ ወጣ። ይታይሽ ብትቀር ቅጣት አለ፣ ብትሄድ የሚጠብቃት ካሳ አለ።

«ያንን ሰውዬ ካመጡትሳ?» አለችኝ።

ልጅቱን እኔ ታቀፍኩላት። የወርቁ እናት እማማ ጌጤ ዓይናቸው ከፈዘዘ ቆይቷል፤ መርተን አምጥተን በመካከላችን አስቀመጥናቸው። ካሳ ለአቡጀዲው ጀርባውን ሰጥቶ፣ ከይታይሽ ፊት ለፊት ቁጢጥ አለ። ዓይኑን ከፊቷ አልነቀለም።

የክትባቱ ትምህርት አለቀና ሰውዬው አቡጀዲው ላይ መጣ። ያው ሰውዬ፣ ያው መሰላል። ሰውዬው ገና ሳይወድቅ ሕዝቡ መሳቅ ጀመረ። ይታይሽን በጎን አየኋት። ከንፈሯን አልነከሰችም፣ ፊቷን አልሸፈነችም፤ ሳቁ ከነአካቴው አልመጣባትም። መሰላሉ በተወዛወዘ ቁጥር ትከሻዋ ይሸማቀቃል። ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብላ፣ ያን ጊዜ ምኑ እንዳሳቀን ጠየቀችኝ። ተረፈች ብዬ ተነፈስኩ።

ይኼኔ እማማ ጌጤ የይታይሽን ጉልበት ነካ አደረጉ። «ሰዉ በምን ይስቃል? ንገሪኝ እንጂ፣ እኔ እንደሆን አይታየኝ።»

አማትን እምቢ አይሉም። ይታይሽ ለቅሶ ቤት እንደሚወራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጀመረች።

«ሰውዬው መሰላል ላይ ወጣ። ከታች የያዘለት ሰው ትቶት ሄደ። ወደቀ።»

«ኖራውስ?»

«ራሱ ላይ ተደፋ።»

«ሞተ?»

«የለም፣ ተነሣ።»

«ተነሥቶስ?»

«እዚያው መሰላል ላይ ወጣ።»

«ያው ሰው ይዞለት?»

«ያው።»

የእማማ ጌጤ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካስ ይስቃሉ። «አይ፣ ይኼስ ሞት የረሳው ነው» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ።

«ደግሞ ወደቀ» አለች ይታይሽ። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። «እማማ፣ ደግሞ ተነሣ።» ያ የጥንቱ ሳቋ አምልጧት ወጣ፤ አፏን በሁለት እጇ ብትይዘውም አልመለሰችውም።

ካሳ ብድግ ብሎ ሽማግሌዎቹን ጠራ። አያችሁ አይደል፣ በጆሯችሁ ሰማችሁ አይደል አላቸው። በዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ዓለምጸሐይን ወደ ደረቴ ጠበቅ አደረግኋት።

«ተቀመጥ» አሉት እናቱ፣ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዙረው። «ያሳቅኋት እኔ ነኝ። ልጄን የቀበርሁት እኔ ነኝ። ሐዘኑ ፈረሰ ካልህ መጀመሪያ እኔን ከቤቴ አስወጣኝ።»

በእኛ ወግ ከእናት በላይ ሐዘንተኛ የለም። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ከመካከላቸው አንዱ፣ እናት የፈታችውን ሐዘን ማን ያስራል አለ። ካሳ ነጠላውን አጣፍቶ ሰዉን እየከፈለ ሄደ።

«በይ ቀጥይ» አሉ እማማ ጌጤ። «አሁንስ የት ደረሰ?»

ይታይሽ ልጇን ከእኔ ተቀብላ ታቀፈችና እስኪያልቅ ነገረቻቸው።