ሎሬታ ጠመንጃዋን የቀባችበት ሳምንት

ሎሬታ ዱዳሽ ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በከተማችን ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ድንች ትቀቅላለች፤ ቅዳሜ ከተዘጋው የከሰል ጉድጓድ ጀርባ ባለው ጫካ በሆዷ ተኝታ ሰው ታድናለች። ሲመታ በሚፈነዳ የቀለም ጥይት የምንጫወተው ጨዋታ ነው፣ አትደንግጡ፤ ቀለም የነካው ይወጣል። እኛ የምዕራብ ፔንሲልቫኒያ ሰዎች የአጋዘን አደን እስኪከፈት እጃችን ይበላናል። የጨዋታው ዳኛ እኔ ነኝና ስንቱን ጎረምሳ ጭንብሉን ቢጫ አድርጋ ከሜዳ እንዳስወጣችው አይቻለሁ።

ጠመንጃዋ ግን መሳቂያ ነበረች። ለጀማሪ የምናከራያት ዓይነት ርካሽ ጥቁር ናት፤ አሥራ አንድ ዓመት ይዛታለች። ስትተኮስ በንዴት እንደተዘጋ በር ጓ ትላለች። ብርድ ከሆነ ጥይቱን የሚገፋው ጋዝ ይደክምና ጥይቷ ሃያ እርምጃ ሳትሄድ አፈር ትልሳለች።

ይህን ከማንም በላይ የሚያነሳባት የእህቷ ባል ክላይድ ነበር። ክላይድ ጣሪያ ሠሪ ነው። በፀደይ አንድ ሺህ አምስት መቶ ዶላር አውጥቶ ባለ ባትሪ ጠመንጃ ገዛ፤ ቃታው በትንፋሽ የሚሠራ ይመስላል። ከዚያ ወዲህ እሁድ ምሳ ላይ ፒየሮጊው፣ ድንች የተሞላው የሊጥ ቅቅል፣ ከድስቱ ሳይወጣ የጠመንጃው ወሬ ይጀመራል።

"ሎሬታዬ፣ ያንቺን እኮ ሙዚየም ሊወስደው ይችላል፤ አደራ እንዳትጥይው" ይላታል።

ሎሬታ ትስቃለች፤ ግን ከንክኗታል። አንድ ቀን የዓሣ መንጠቆና የቀለም ጥይት አብሮ የሚሸጠው ቨርን ዘንድ ሄዳ ምን ላድርግ አለችው። ቨርን አፈሙዟን ቢቀይሩላትና ጋዙን ትታ የታመቀ አየር ብትይዝ አሮጌዋ ገና ብዙ እንደምታገለግል ነገራት። ካልሆነም እንደ ክላይድ ያለውን ዋናውን መግዛት ነው።

"መሀል ላይ አትንጠልጠይ እንጂ" አላት። "ዛሬ አፈሙዝ፣ ነገ ቃታ፣ ከነገ ወዲያ ሌላ ነገር እያልሽ ስትገጣጥሚ የዋናውን ዋጋ ከፍለሽ እጅሽ ላይ ያው አሮጌዋ ትቀራለች።"

ሦስት ሳምንት አሰበች። እህቷን ጠየቀች፤ ቄሱን ጠየቀች፤ እኔንም ጠየቀችኝ። ሁላችንም የተለያየ ነገር ነገርናት። በመጨረሻ ከነዚህ ሁሉ አንዱንም ሳትገዛ ከብረታ ብረት መደብር አንድ ቆርቆሮ የሚረጭ ግራጫ ቀለም ይዛ ወጣች። አሮጌዋን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገቻት፣ የፋብሪካውን ስም አጠፋች፣ ቀባቻት። ከዚያ ከወጥ ቤቱ ተበላሽቶ ከወጣ ማቀዝቀዣ ላይ የነቀለችውን የሞዴል ቁጥር ያለበት ብረት ጎኗ ላይ ለጠፈችው።

ቅዳሜ በፎጣ ጠቅልላ መጣች። ክላይድ ገና ሲያያት አንገቱ ረዘመ።

"ምንድነው እሱ?"

"ተወው፣ ገና ገበያ አልወጣም" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ለሙከራ ነው የሰጡኝ። ብዙ እንዳላወራ አስፈርመውኛል።"

የመጀመሪያው ጥይት ጓ ሲል እኔ ወዲያው አወቅኳት። ክላይድ ግን ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠና "ድምፁ እንዴት ወፍራም ነው!" አለ። የዳኛ ሥራ መስመር መጠበቅ እንጂ የሰው ሚስጥር ማውጣት አይደለም።

የዚያን ቀን ከዛፍ ጀርባ ብቅ የሚል ሰው ጠፋ። ሁሉም ያንን ግራጫ ነገር ፈርቶ ሲያደፍጥ ሎሬታ ገበያ እንደምትሄድ ሴት ቀጥ ብላ ሄዳ የሚጠብቁትን ባንዲራ አነሳችና ጨዋታውን አሸነፈች። በሚቀጥለውም ሳምንት እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ክላይድ አልቻለም፤ ለአንድ ቀን ብቻ እንለዋወጥ ብሎ ለመናት። ሎሬታ የተፈረመውን ወረቀት እያነሳች ደህና አድርጋ ደጅ ካስጠናችው በኋላ እሺ አለች።

የክላይድን ጠመንጃ ይዛ ገባች። ቃታውን ነካ ከማድረጓ አሥራ አምስት ጥይት ወጣና ከፊቷ ይሳብ የነበረው የራሷ ወገን፣ የከተማችን ጥርስ ሐኪም፣ መቀመጫው ቢጫ ሆነ። በአራት ደቂቃ ጥይቷን ጨረሰች። ክላይድ በበኩሉ አሮጌዋ ሩቅ ስለማትተኩስለት በጭቃ ላይ እየተሳበ መጠጋት፣ አንድ በአንድ ማነጣጠር ነበረበት። በሕይወቱ እንዲያ ተጫውቶ አያውቅም። አምስት ሰው አስወጣ፤ ሲመለስ ከጭቃው ውስጥ ጥርሱ ብቻ ይታያል።

"ይህን አልመልስም" አለ። "የኔን ውሰጂው፣ ለዘለዓለም።"

ሎሬታ ይሄኔ ደነገጠች። ቀልድ ነበር የፈለገችው እንጂ የእህቷን ቤት ገንዘብ አልነበረም።

"ክላይድ፣ ስማኝ። አሮጌዋ ናት። ቁጥሩ የማቀዝቀዣ ነው።"

ክላይድ ጠመንጃዋን ደረቱ ላይ አስጠግቶ በአዘኔታ አያት። "ቆጭቶሽ ነው" አላት። እኔን ለምስክር ጠራችኝ፤ እውነቱን ተናገርኩ። የእሷ ግብረ አበር ነህ ብሎ ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሰላምታ ነሳኝ።

ሎሬታ ባለ ባትሪውን ይዛ ብዙ አልቆየችም። ለእህቷ በድብቅ መለሰችላት፤ እህቷም ቁም ሳጥን ውስጥ ከክረምት ብርድ ልብሶች ሥር ቀበረችው። ከዚያ ሎሬታ ከቨርን የድሮዋን የምትመስል ያገለገለች ጥቁር ጠመንጃ በስልሳ ዶላር ገዛች፤ አዲስ አፈሙዝና አየር አስገጠመችላት። አሁን በብርድም ቀጥ ብላ ትተኩሳለች፤ ሎሬታ ከዚያ በላይ አንድም ነገር አልጨመረችባትም።

በጥቅምት ማለቂያ፣ የክላይድ ጠመንጃ ግራጫዋ እየተላጠ ጥቁሯ ብቅ ማለት በጀመረበት ሰሞን፣ ብረታ ብረት መደብር ሚስማር ልገዛ ገብቼ ክላይድን አገኘሁት። አንድ ቆርቆሮ ግራጫ ቀለም ይዟል። ሲያየኝ ጆሮው ቀላ።

"ለግቢው በር ነው" አለኝ።

የክላይድ ግቢ በር እንጨት ነው፣ ነጭ። ለበር ጥሩ ቀለም ነው ብዬው ሚስማሬን ይዤ ወጣሁ።