ከጋቢዬ ላይ የወረደችው መዥገር

ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ባለፈው ጥቅምት፣ ውሃው ከሜዳው ሸሽቶ ሩዙ ቢጫ መሆን ሲጀምር፣ እኔም ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር ቁሐር ሚካኤል አንድ ገበሬ ቤት ቆሜ ነበር። የመጣነው ለእህቴ ልጅ ነው፤ እኔው ቤት ነው ያደገ። ንግግሩን ለኔ ሰጡኝ። ከምላስ በቀር የቀረኝ ምን አለና!

"ቤታችን የከብት ቤት ነው፤ የላማችን ገላ መስታወት ነው" ብዬ ጀመርሁ።

የልጅቱ አባት ፊቴን ትተው ደረቴን ያያሉ። ዝቅ ብል፣ እንደ ጉሎ ፍሬ ያበጠች መዥገር በነጩ ጋቢዬ ላይ ተዝናንታ ትወርዳለች። ጠዋት ጥጃውን ከእናቱ ስለይ ላሟን ተደግፌ ነበር።

"አንቱ፣ ይቺንም ለጥሎሽ ነው ያመጧት?"

ጎረቤቶቼ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። ላነሳት ብል እጄ ላይ ፈረጠች፤ ጋቢዬ ደም ሆነ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ።

"ላሙን ያልጠበቀ ቤት ልጄን ይጠብቃል? እሑድ መጥቼ ሳላይ አልመልስም" አሉ። ሳንቀመጥ ተመለስን።

የእህቴ ልጅ ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። "አያ፣ ላሚቱን ለኔ ይተዉልኝ ብዬዎት ነበር እኮ!"

ብሎኛል። እኔ ግን ከኔ በቀር ማንም አይነካትም ባይ ነኝ፤ ዓይኔ ደግሞ መዥገሩን ከጥቁር ነጠብጣቧ አይለይም። ስንት ጊዜ መዥገር ዳብሼ "እንዴት ያለች ዝንጉርጉር!" እንዳልሁ እግዜር ይወቀው። እስከ እሑድ እሱ ሲለቅም እኔ ጅራት ያዥ ሆንሁ።

እሑድ አባትየው መጡ። ጠላውን ሳይቀምሱ ወደ ላሟ ሄደው ጆሮዋን ገለበጡ፣ ጅራቷን አነሱ፣ ከጡቷ ኋላ በጣታቸው ዳሰሱ። ሁለት አገኙ።

"ለእንግዳ ያስቀረናቸው ናቸው" አልሁ። የእህቴ ልጅ መሬት መሬት ያያል።

አባትየው ቁጢጥ ብለው ነቀሏቸውና ለቡናው የተቀጣጠለው ፍም ላይ ጣሏቸው። ጠሽ፣ ጠሽ አሉ።

"ሁለት ብቻ ከቀረ ለቃሚው ልጁ ነው። ልጄ እሺ ብላለች፤ እኔም ሰጥቻለሁ" አሉ እጃቸውን እየጠረጉ። ልጁ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል እኔን ቀና ብለው አዩኝ። "አንቱም ላሟን ለልጁ ይስጡ።"

የማስቅበት ቃል ፈልጌ አጣሁ። ገመዱን አቀበልሁት። እሷም እቴ፣ ዞራ እንኳ አላየችኝም።