ባለሁለት ወንበሩ መኪናዬና እማዬ

ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር ውስጥ የስፖርት መኪና ያለኝ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ የተቀረው ሰው ጤነኛ ስለሆነ ነው። የሰፈራችን መንገድ ጠባብ ነው፣ ጉድጓዱ ብዙ ነው፣ ፍየሉ ከሰው እኩል ነው። መኪናዬ ደግሞ ሁለት ወንበር ብቻ ያለው፣ ጣሪያው ከወገቤ የማያልፍ፣ ሆዱ ከመሬት አንድ ስንዝር የማይርቅ ነገር ነበር። ቀትር ላይ የሌላው ሰው መኪና ሥር ገብተው የሚተኙት ፍየሎች እንኳ የኔን አይተው ያልፉታል።

ለዓመታት መኪናውን የጠገንኩለት አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ አገሩ ሲገባ፣ ከአንተ ሌላ አመሉን የሚያውቅ የለም ብሎ ትቶልኝ ሄደ። እኔ መካኒክ ነኝ፤ አባቴም ነፍሱን ይማረውና የባቡር መካኒክ ነበር። ደህና ሞተር ስሰማ ደስ ይለኛል፣ ምን ላድርግ። መኪናው ስድስት ማርሽ አለው። ከቤቴ እስከ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ስነዳው ሦስተኛውን ካስገባሁ ያ ቀን ቀናኝ ማለት ነው። የቀሩትን ሦስቱን ሲሠሩ አላየኋቸውም፤ ስለመኖራቸው ግን አልጠራጠርም።

ባለቤቴ ሽጠው ትለኛለች። የውሃ ጀሪካን አይጫንበትም፣ ሦስተኛ ሰው አይቀመጥበትም፣ እሷም ቀሚሷን ሳትሰበስብ አትገባበትም። እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ እላለሁ። ነገሩ ሲከርብኝ እማዬን አነሳለሁ። እማዬን ቅዳሴ በምን ላድርሳት ስላት ክርክሩን ትታ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ እኔም ያሸነፍኩ ይመስለኝ ነበር።

እዚህ አገር ዕረፍቱ ዓርብ ነው፤ እሑድ የሥራ ቀን ነው። ባለቤቴ በማለዳ ሥራ ትገባለች፤ እኔ ጋራዤን አርፍጄ ስለምከፍት እማዬን የማደርሳት እኔ ነኝ። መኪናው ሳይመጣ በታክሲ ነበር የምንሄደው። ከመጣ በኋላ ግን ጀርባዋን ትሰጥና ወንበሩ ላይ ዘፍ ትላለች፣ እግሯን እኔ አነሳላታለሁ። ቤት ስንመለስ ግቢያችን ውስጥ ብብቷ ሥር ገብቼ እንደ ሕፃን አቅፌ አወጣታለሁ። ትስቃለች። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ግን አትወርድም። ለደም ግፊቱ ኪኒን ብዬ እህል ቀምሻለሁ፣ ከዚሁ ሆኜ እሳለማለሁ ትለኛለች። እማዬ እህል ቀምሳ ቅዳሴ የምትገባ ሴት አይደለችም፤ ስለዚህ አመንኩ። ዱሮ ኪኒኑን ከቅዳሴ በኋላ ነበር የምትውጠው፤ ሐኪሙ ሰዓቱን ቀይሮባት ይሆናል ብዬ አልጠየቅኳትም። ውጭው እሳት ስለሆነ ማቀዝቀዣውን ከፍቼላት እገባለሁ። ለእናቱ ይህን የሚያደርግ ልጅ ስንት አለ እያልኩ ዓመት ሙሉ አስቀደስኩ።

አንድ ዓርብ ጠዋት አንዲት ሱማሌ ጫት ነጋዴ መኪናውን ልትገዛ ግቢያችን መጣች። ማን እንደላካት አልጠየቅኩም፤ ባለቤቴ ያን ጠዋት ቀና ብላ አላየችኝም። እዚህ ከተማ ጫት ከኢትዮጵያ የሚገባበት ሰዓት ሲደርስ ሥራ ሁሉ ይቆማል፤ ሰው ሁሉ መንገድ መንገዱን ያያል። ሴትየዋ መኪናው እንደሚበር ሰምታለች፤ ካርቲየ 5 ያሉ ደንበኞቿ ዘንድ ከሌሎቹ ነጋዴዎች ቀድማ መድረስ ፈልጋለች። ዕቃ መጫኛ የለውም አልኳት። አንደኛው ወንበር ይበቃኛል አለች። አልሸጥም ልል አፌን ስከፍት ገብታ ተቀምጣለች።

መግባቱንስ ገባች፤ መውጣቱ ግን እምቢ አላት። ደልደል ያለች ሴት ናት፤ ሁለቴ ሞክራ ሁለቴም ተመልሳ ወንበሩ ላይ ወደቀች። እጄን ስዘረጋላት ወንድ እንዲጎትታት እንደማትፈልግ ነገረችኝ። እኔም ራቅ ብዬ ቆምኩ።

እማዬ ጥላው ሥር በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ስታይ ቆይታ በሱማሊኛ ታስተምራት ጀመር። መጀመሪያ ሁለቱንም እግርሽን አውጪ፣ ጣሪያውን አትያዢ ያዳልጣል፣ የበሩን ጠርዝ ያዥ፣ ከዚያ ጉልበትሽ እስኪረጋ ጠብቂ አለቻት።

«እኔ እስከዚህ ድረስ ደርሻለሁ» አለች እማዬ። «ከዚህ በኋላ ያለውን አላውቅም። ካህናቱ ፊት እንደ ሕፃን ታቅፌ አልወርድም ብዬ፣ ልጄ ቅዳሴ ሲገባ በየሳምንቱ ብቻዬን እሞክራለሁ። እምቢ ሲለኝ እግሬን መልሼ እቀመጣለሁ።»

ክው አልኩ። ሱማሊኛ እዚሁ ተወልጄ ያደግሁበት ቋንቋ መሆኑን ረስታው ነው ወይስ ነገሩ አምልጧት፣ እስካሁን አላወቅኩም። እህሉስ ብዬ ጠየቅኳት። አልቀመሰችም። ዛሬ ይሳካልኝ ይሆናል እያለች ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ጾማ ነበር የምትመጣው። እንደዚያ ቀን በራሴ አፍሬ አላውቅም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ብነግርህ ትሸጠዋለህ» አለች። «ስትነዳው ደግሞ ፊትህ ሲፈካ አየዋለሁ።»

ነጋዴዋን ባለቤቴ ጎትታ አወጣቻት። ሴትየዋ ልብሷን አራግፋ ዋጋ ጠራች። እኔ ለአንድ ያረጀ ካርቡራተር ግማሽ ቀን የምከራከር ሰው ነኝ፤ እሺ አልኳት። ሹፌር ልካ ስታስወስደው የሞተሩን ድምፅ ላለመስማት ቤት ገባሁ። ሰማሁት። እማዬ ደግሞ፣ ማን ሽጥ አለህ ብላ እስከ እሑድ አኮረፈችኝ።

እሑድ ታክሲ ያዝን። እኔ ለሹፌሩ ስከፍል እማዬ በሩን ከፍታ በራሷ ወረደች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ደጁን ተሳልማ፣ ሳትጠብቀኝ ወደ ሴቶቹ በኩል ገባች። ስትቆርብ ከወንዶቹ መካከል ሆኜ አየኋትና እንባዬ መጣ። ከቅዳሴ በኋላ አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ምን ሆነህ ነው ቢለኝ፣ መኪናዬን ሸጬ ነው አልኩት።