ድስቱ ሥር ያለው ቢጫ ፖስታ

ፍሉግሃፈን ከሚሉት የአውሮፕላን ማረፊያ የጽዳት ሥራ ደክሞኝ ስገባ፣ እናቴ ትኩሱን ድስት ያልተከፈተ ቢጫ ፖስታ ላይ አስቀምጣዋለች። የጋለው ወረቀት ሽታ ወደዚያ ቤት መለሰኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ ጥቁር ሰው ነጻ የሚወጣው አብሮ ሲኖር ነው ብለው ባዶ ሕንጻ ያለ ፈቃድ ከያዙ ቤተሰቦች ጋር እንኖር ነበር። ከከተማው አስተዳደር የሚመጣ ቢጫ ፖስታ አለመክፈት የቤቱ ሕግ ነበር። አንዱን ተደብቄ ከፈትኩት፤ ማክሰኞ ፖሊስ ያስወጣችኋል ይላል።

"እማ፣ ማክሰኞ እኮ..."

"ካልከፈትነው አልደረሰንም። ዝም በይ!"

ወረቀቱን መልሼ ፖስታው ውስጥ ከተትኩት። ማክሰኞ ጠዋት ፖሊሶች በሩን ሰበሩት፤ የእኛ ሰዎች ከፎቅ ድንጋይ ወረወሩ፤ በግርግሩ የእናቴ ክንድ ተሰበረ። እስከ ዛሬ አይዘረጋም።

ድስቱን አንስቼ ፖስታውን ከፈትኩት።

"ምን ይላል?" አለችኝ፣ ያኔ ያልጠየቀችኝን።